«ደቡብ አፍሪካ የነዋሪዎቿ ሁሉ ናት» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ ይሠራል?

የዱራሜው ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ስለሚረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉዳዩ ከብዶኝ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ሎኬሽን፣ ማለት የጥቁሮች ድሃ ሠፈር ውስጥ፣ ትንሽ ስፓዛ፣ የሠፈር ሱቅ፣ አለችኝ። ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ወረቀቴ የጥገኝነት ነው፣ በየጊዜው አሳድሰዋለሁ። እንደምታስታውሱት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ፕሬዚዳንቱ ስፓዛ ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ብለው አዘዙ። ትእዛዙ የወጣው ልጆች ተመርዘው ከሞቱ በኋላ ነበር። እኔም የልጆች አባት ነኝ፣ ትእዛዙን አልጠላሁትም። ቀኑ እስከ ፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ሲራዘም ሁለት ቀን ሙሉ ተሰልፌ ፋይሌን አስገባሁ። የኪራይ ውል፣ ወረቀቴ፣ የታክስ ቁጥር፣ ምንም አልጎደለም።

መልስ ሳጣ በቅርቡ ተመልሼ ሄድኩ። ሠራተኛው ፋይሉን ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። «ንግድ የዜጋ መብት ነው። ሕገ መንግሥቱን አንብብ» አለኝ። ደብዳቤ አልሰጠኝም። በቃል ብቻ።

ማታ ቤት ገብቼ በስልኬ አነበብኩት። ሰውየው አልዋሸም። አንቀጽ 22 «ማንኛውም ዜጋ» ንግዱንና ሙያውን በነፃነት የመምረጥ መብት አለው ይላል። ዜጋ ነው የሚለው። ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ስለነበር ያነበብኩት፣ መግቢያው ላይ ሌላ ቃል አግኝቻለሁ። «ደቡብ አፍሪካ በውስጧ የሚኖሩ ሁሉ እንደሆነች እናምናለን» ይላል። እኔ እኮ እዚህ እኖራለሁ። ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል።

እና ጥያቄዬ ይኸው። ያ የመጀመሪያው ገጽ ጌጥ ነው ወይስ ፍርድ ቤት ይሠራል? የምታውቁ እንደ ወንድም ንገሩኝ።


ማኅሌት_ፍትሕ መለሰች፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። እጅህ ላይ ያለው ወረቀት «ሰክሽን 22» ነው የሚባለው። ሰውየው የጠቀሰልህም አንቀጽ 22 ነው። ቁጥሩ ገጠመ እንጂ ሁለቱ አይገናኙም። የወረቀትህ 22 ከስደተኞች ሕግ ነው። የሰውየው 22 ከሕገ መንግሥቱ ነው። ብዙ ልጆቻችን ይህን ሲያደባልቁት ስላየሁ ነው።

ሰውየው የነገረህ ግማሹን ነው። አንቀጽ 22 ዜጋ ይላል፣ እውነት ነው። አንቀጽ 10 ግን ስለ ክብር ሲያወራ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። አንቀጽ 9 ስለ እኩልነትም እንደዚያው። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ቃል መርጠው ነው የጻፉት። ዜጋ ማለት ሲፈልጉ ዜጋ ብለዋል። ድምፅ መስጠት፣ ፓስፖርት፣ ንግድ የዜጋ ነው። ሰው ማለት ሲፈልጉ ደግሞ ሰው ብለዋል።

አሁን ያንተን ጉዳይ የሚመስለውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ውስጥ ፖሊስ «ሃርድስቲክ» የሚባል ዘመቻ ከፈተ። ከ600 በላይ ሱቆች ተዘጉ። ዕቃው ተወረሰ፣ ሰው ታሰረ። ባለሱቆቹ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ነበሩ፣ ሶማሌዎችና የኛ ልጆች። ማኅበሮቻቸው ተባብረው ከሰሱ። ፕሪቶሪያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሸነፉ። ተስፋ ሳይቆርጡ ብሎምፎንቴን ወደሚገኘው ጠቅላይ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሄዱ። እዚያ በሴፕቴምበር 26 ቀን 2014 አሸነፉ።

መንግሥት እዚያ ያቀረበው ክርክር አንተ የሰማኸው ነው፣ አንቀጽ 22 ለዜጋ ብቻ ነው የሚል። ፍርድ ቤቱ አዎ፣ አንቀጽ 22 ለዜጋ ነው አለ። ግን ሰው ሌላ መተዳደሪያ ከሌለውና ሱቁን ስትዘጋበት ለማኝ ወይም ረሃብተኛ የሚሆን ከሆነ የምትነካው ክብሩን ነው፣ ክብር ደግሞ የሰው ሁሉ ነው አለ። ስለዚህ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ስፓዛ ለመክፈት ፈቃድ መጠየቅና ማደስ ይችላሉ ብሎ ወሰነ። የባለሥልጣናቱ አካሄድ ችግረኛውን የውጭ ዜጋ አገር ለቆ እንዲሄድ የሚገፋ ይመስላል ብሎም ጽፏል። እኔ ያንን ፍርድ ተማሪ ሆኜ ሳነብ አልቅሻለሁ።

የዚያ ፍርድ መሠረት ደግሞ የ2003 ፍርድ ነው። ከዚምባብዌ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላት እናት ናት ከሳሿ። ያኔ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት እንዳይሠራም እንዳይማርም ተከልክሎ ነበር። ልጇን ማስተማር ፈለገች። ዳኛ ኑጀንት «ሰብአዊ ክብር ዜግነት የለውም» ብለው ጻፉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃልህ ያዛት።


ሰናይት_ኬፕታውን መለሰች፦

እህቴ ማኅሌት፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ግን ልቤ አልተቀበለውም።

በሜይ 2008 የሆነውን እኔ አይቻለሁ። 62 ሰው ሞቷል። የወንድሜ ሱቅ ሲቃጠል ጎረቤት ቆሞ ያይ ነበር። ሲበደሩት የነበሩ ሰዎች ናቸው። «የነዋሪዎቿ ሁሉ ናት» የሚለው ሕገ መንግሥት ያኔም ነበረ። የ2003ቱ ፍርድም ነበረ። እሳቱን ግን አላጠፉትም። ወንድሜ ሕይወቱ ተረፈ፣ የስድስት ዓመት ድካሙ በአንድ ሌሊት ሄደ።

የፍርድ ቤት ቃል ሎኬሽን ድረስ አይደርስም። ሰው ተስፋ አድርጎ ከሚጎዳ እውነቱን ይወቅ ብዬ ነው።


የጄፒው ሽማግሌ መለሱ፦

ልጄ ሰናይት፣ የወንድምሽ ነገር ያማል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በ1997 ነው። ያን ጊዜ ጄፒ እንዲህ የኛ ሰው ሠፈር አልነበረም። ቀበቶና ካልሲ በትከሻ ይዘን ነው የጀመርነው። እና አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እዚህ ጆሃንስበርግ ያላችሁ ልጆች አንድ ቀን ጊዜ ወስዳችሁ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ሄዳችሁ እዩት። ብራምፎንቴን ነው፣ ከጄፒ በታክሲ ሩቅ አይደለም። መግቢያው በነፃ ነው።

ቦታው እስር ቤት ነበር። ጋንዲ ታስሮበታል። ማንዴላ ታስሮበታል። ፓስ የሌለው ጥቁር ሁሉ ታስሮበታል። ፓስ ማለት ያኔ ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ለመንቀሳቀስ የሚይዘው ወረቀት ነው። እኛ ዛሬ ወረቀት እንደምንለው። ፍርድ ቤቱን ሲሠሩ የእስር ቤቱን ጡብ አልጣሉትም። ፍርድ ለማግኘት ሰው ይታጎርበት የነበረውን ክፍል አፍርሰው በዚያው ጡብ የችሎቱን ግድግዳ ሠሩ። ችሎቱ ውስጥ ከግድግዳው በኩል ረጅም መስኮት አለ። ችሎቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዚያ በኩል፣ ከዳኞቹ ራስ በላይ፣ የሚያየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ነው። ማን ሀብታም ማን ድሃ፣ ማን ዜጋ ማን እንግዳ በእግር አይለይም። አስጎብኚዋ ይህን ስታሳየኝ ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

የፍርድ ቤቱ ምልክት ዛፍ ነው፣ ከሥሩ ሰዎች የተጠለሉበት። እኛ አገር ሽማግሌ ዋርካ ሥር ተቀምጦ እንደሚዳኘው ማለት ነው። ለማንም አበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ፍርድ ቤት የተከፈተው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1995 ነው። ማንዴላ ሲከፍቱት «ለመጨረሻ ጊዜ ፍርድ ቤት የቀረብኩት የሞት ፍርድ ይፈረድብኝ እንደሆነ ለመስማት ነበር» አሉ። በማግስቱ ዳኞቹ የመጀመሪያውን ጉዳይ መስማት ጀመሩ። ጉዳዩ የሞት ቅጣት ነበር።

አሥራ አንዱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ጁን 6 ላይ የሞት ቅጣትን አነሱት። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምክንያት ጻፉ። አንዷ፣ ዳኛ ኢቮን ሞክጎሮ፣ ስለ ኡቡንቱ ጻፉ። ኡቡንቱ ማለት ሰው ሰው የሚሆነው በሌላው ሰው ነው ማለት ነው። እኛ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን። ዳኛ አልቢ ሳክስ ደግሞ ማፑቶ ላይ የአፓርታይድ ሰዎች ባጠመዱት ቦምብ ክንዳቸውን ያጡ ሰው ናቸው። እሳቸው የጥቁሩን ሕዝብ የጥንት ባህላዊ ሕግ መርምረው ሰው መግደል እንደ ቅጣት ያን ያህል ሥር ያለው አይደለም አሉ። እኛም ደም ሲፈስ በካሳ፣ በእርቅ፣ በሽምግልና እናደርቅ የለ?

ይህን የማመጣው ለምን መሰለሽ ሰናይት? ያን ጊዜ ሕዝቡ የሞት ቅጣት እንዲቀር አልፈለገም። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ ዳኛ አርተር ቻስካልሰን፣ ይህን አልደበቁም። ብዙኃኑ የሞት ቅጣትን ይደግፋል ብለን እንቀበል፣ ግን የተጠየቅነው ብዙኃኑ የሚወደውን አይደለም አሉ። ፍርድ ቤት የተሰጠው ራሱን በምርጫ መከላከል ለማይችለው፣ ለተገፋው፣ ሰው ለሚጠላው ሰው ጭምር ነው አሉ። በዚያ ጉዳይ የነበሩት ሁለት ተከሳሾች በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው ነበሩ። ለእነሱ ክብር ካለ፣ ዳቦ ለሚሸጥ ስደተኛ እንዴት አይኖርም? የሊምፖፖው ፍርድ ከዚያ ነው የተወለደው።


ናቲ_ደርባን መለሰ፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ግን ሚዛን እንዲኖረው ሌላውንም ጎን ላምጣ።

ሁልጊዜ አናሸንፍም። በ2006 መጨረሻ ስደተኞች በጥበቃ ሥራ እንዳንቀጠር የሚከለክለው ሕግ አድልዎ ነው ብለው ያንኑ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ጠይቀው ተሸንፈዋል። ዳኞቹ ተከፋፈሉ፣ ብዙኃኑ ግን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፣ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል ብለው ሕጉን አጸኑት። ያው ሕገ መንግሥት፣ ያው ክብር የሚለው ቃል። ያኔ ለኛ አልሆነም።

ሁለተኛ፣ የአገሬው ድሃ ምን ይሰማዋል? ኬፕታውን አጠገብ በኳስ ሜዳ ላይ በላስቲክ ተጠልለው የነበሩ ሰዎች ነበሩ። አይሪን ግሩትቡም በምትባል ሴት ስም ከሰሱ። በ2000 ፍርድ ቤቱ መንግሥት ምንም መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች የሚሆን ዕቅድ አላወጣም፣ ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ፍርዱ በዓለም ላይ ተወደሰ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ሁሉ ያስተምረዋል። ግሩትቡም በ2008 ስትሞት ግን ያው ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ነበረች። ያሸነፈችው ቤት አልደረሳትም።

የኔ ጎረቤት ይህን ታውቃለች። «ሕገ መንግሥቱ ለኔም አልሠራም፣ አንተ ከየት መጥተህ ነው የሚሠራልህ?» ትለኛለች። በክፋት አይደለም የምትለው። ሥራ የለሽ ልጅ አላት። እኔ ለዚህች ሴት መልስ አጣለሁ። የሷን ቁስል ሳናይ የኛን መብት ብቻ ብናወራ እሳቱ ይመለሳል።


ሰናይት_ኬፕታውን መለሰች፦

ናቲ፣ ይህቺ የጎረቤትህ ቃል ናት እኔን የምታስፈራኝ። ወንድሜ ሱቅ ላይ የነበሩትም ሰዎች ያው ናቸው። አውሬዎች አልነበሩም። ቃል ተገብቶላቸው ያልተፈጸመላቸው ናቸው።


ልደታ_ጠበቃ መለሰ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ማኅሌት ስለ «ዜጋ» እና «ሰው» ያነሳሽው ነገር እኛም ቤት አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 «ማንኛውም ኢትዮጵያዊ» በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት አለው ይላል። ልክ እንደ ደቡብ አፍሪካው አንቀጽ 22፣ ዜጋ። አንቀጽ 25 ግን «ሁሉም ሰዎች» በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። አንቀጽ 24 ስለ ሰብአዊ ክብር ሲናገርም «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። እና እኛ አገር ውስጥ ደቡብ ሱዳናዊ፣ ሶማሌ፣ ኤርትራዊ ስደተኛ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥቷል። እዚህ ከተማ ውስጥ የውጭ ሰው ሱቅ ሲከፍት «እነዚህ ደግሞ» የሚል ሰው ስሰማ የዱራሜውን አስባለሁ።

ሌላው፣ አንቀጽ 13 ንዑስ ቁጥር 2 የመብቶቹ ምዕራፍ ከዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብት መግለጫና ከስምምነቶቹ ጋር በሚጣጣም መንገድ ይተርጎም ይላል። ደቡብ አፍሪካዎቹም አንቀጽ 39 ላይ ዳኛ መብቶችን ሲተረጉም በሰብአዊ ክብር፣ በእኩልነትና በነፃነት ላይ የቆመ ማኅበረሰብ እሴቶችን ያራምድ፣ ዓለም አቀፍ ሕግንም ይመልከት ይላሉ። ቃሉ ይቀራረባል። ልዩነቱ ማን ይተረጉማል የሚለው ላይ ነው። እነሱ ዋናውን ቃል ለፍርድ ቤት ሰጡ። እኛ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት። አሥራ አንድ አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ያጣራና ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል።

ምክንያት አለው። የኛ ሕገ መንግሥት መግቢያ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቃል ኪዳኑ የነሱ ከሆነ ትርጉሙም የተወካዮቻቸው ይሁን ነው ሐሳቡ። ይህ መንገድ መብት አያስከብርም ማለትም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. አንዲት ሴት በውርስ ክርክር ያለፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተዳኘች። በመደበኛ ችሎቶች ሰሚ አጣች። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን ያለፈቃዷ መዳኘቷ አንቀጽ 34ን ይጥሳል ብሎ ፍርዱን ሻረላት። እኔ ራሴ ደንበኞቼን ወደዚያ ልኬ አውቃለሁ።


ማኅሌት_ፍትሕ መለሰች፦

ልደታ_ጠበቃ፣ የጠቀስከውን ውሳኔ አውቀዋለሁ፣ ትልቅ ውሳኔ ነው። ግን እዚህ ላይ አልስማማም።

ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ የሚሄድ ነው። አባላቱ የሕዝብ ተወካዮች ናቸው። ጋሼ ከላይ የጻፉትን አስብ። የሞት ቅጣቱ ጉዳይ ለምክር ቤት ቢቀርብ ኖሮ ይነሳ ነበር? አይመስለኝም። የሊምፖፖ ባለሱቆችስ ምክር ቤት ውስጥ ማን ይወክላቸዋል? የሚመርጡት የላቸውም። ድምፅ የሌለው ሰው የሚቀረው ዳኛ ብቻ ነው። መሠረታዊ እሴት የሚባለው ነገር የሚፈተነው ደግሞ ድምፅ በሌለው ሰው ላይ ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የዱራሜው፣ ያነበብከው መግቢያ ብቻውን መብት አይሰጥህም። መግቢያውን ብቻ ይዘህ ከሰህ አታሸንፍም። ያ ቃል በ1955 ክሊፕታውን ሜዳ ላይ ከታወጀው የነፃነት ቻርተር የመጣ ነው። ዳኛ ሌሎቹን አንቀጾች የሚያነብበት መብራት ነው። አንቀጽ 1 ላይ ደግሞ አገሪቱ የቆመችባቸው እሴቶች ተዘርዝረዋል፤ የመጀመሪያው ሰብአዊ ክብር ነው። ያንን አንቀጽ ለመለወጥ ከብሔራዊ ሸንጎው 75 በመቶ፣ ከዘጠኙ ክፍለ ሀገሮች ደግሞ ስድስቱ መስማማት አለባቸው። ሌሎች አንቀጾች ያን ያህል አይጠየቅባቸውም። እንዲህ አድርገው ነው የቆለፉት።

ሰናይት፣ ፍርዱ ሎኬሽን አይደርስም ያልሽው ያማል፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን በ2025 መጨረሻ ጆሃንስበርግ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዱዱላዎች፣ የውጭ ዜጋ ይውጣ የሚሉት ቡድን፣ ሰውን መንገድ ላይና ክሊኒክ በር ላይ እያስቆሙ መታወቂያ መጠየቅ አይችሉም ብሎ አገዳቸው። መታወቂያ የሚጠይቀው ሕግ ሥልጣን የሰጠው ሰው ብቻ ነው። በ2023 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሰማው የአንድ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ነበር። ያለ ወረቀት ገብቶ የተያዘ ነው። ጥገኝነት የመጠየቅ ዕድል ሳያገኝ ወደ አገሩ ሊመለስ አይችልም ተባለ። የኛ ልጅ ስም በዚያ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለ። ይህ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።


ሰናይት_ኬፕታውን መለሰች፦

ትንሽ አይደለም። ያ ልጅ ታስሮ ሳለ ጠበቃ ማን አገኘለት ብዬ ነው የማስበው። አንድ ሰው ስልክ ደውሎለታል። ያንን ስልክ የሚደውል ሰው የሌለው ስንት አለ?

እሺ፣ ተቀብያለሁ ማኅሌት። ግን እንግዲያውስ የዱራሜው ነገ ጠዋት ምን ያድርግ? ፍርድ ስትነግሪው ሳይሆን ሥራ ስትሰጪው ነው ልቤ የሚያርፈው።


ማኅሌት_ፍትሕ መለሰች፦

ትክክል ነሽ፣ ከዚያ መጀመር ነበረብኝ።

የዱራሜው፣ ስማኝ። የሰውየው ትልቁ ጥፋት በቃል መመለሱ ነው። አንቀጽ 33 በአስተዳደር ውሳኔ መብቱ የተነካ ማንኛውም ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው ይላል። እዚህም ቃሉ «ሰው» ነው። ውሳኔውን ካወቅህበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን አለህ፣ በዚያ ውስጥ በጽሑፍ ምክንያት ጠይቅ። እነሱም ለመመለስ 90 ቀን አላቸው። ፍርድ ቤት ይመርምርልኝ ለማለት ደግሞ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ መቅረብ አለብህ። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ሕጉ ስለጎደለበት አይደለም፣ ቀኑ ስላለፈበት ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስምህ፣ ያመለከትክበት ቀን፣ የተመለስክበት ቀን፣ የሰውየው ቃል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ የሚል። የሊምፖፖውን ፍርድ ቀንና ዓመት ከሥሩ ጥቀስ። በሁለት ቅጂ ውሰድ፣ ያንተ ቅጂ ላይ ማኅተም አስመታ። አንመታም ካሉ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ አብሮህ የሄደ ሰው ይፈርምበት። ብቻህን እንዳትሄድ። ጠበቃ መክፈል ካልቻልክ እንደ ሎየርስ ፎር ሂውማን ራይትስ ያሉ ድርጅቶች በነፃ ያማክራሉ።

ደግሞ ሱቅህን ንጹሕ አድርግ። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ አንድም እንዳይገኝ። ፍርዱ የጤናና የንግድ ደንቡን ከምታከብር ሰው ጋር ነው የሚቆመው። ልጆች ሞተዋል፣ ይህንን መቼም አንርሳ።


የጄፒው ሽማግሌ መለሱ፦

አብሮት የሚሄድ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ። አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝ ልጄ። ሽማግሌ አብሮ ሲቆም ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።


ናቲ_ደርባን መለሰ፦

እኔ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አስተካክልልሃለሁ። ዛሬ ማታ ላክልኝ።

ሌላም ነገር ልበል። ለጎረቤቴ ይህን ክር ተርጉሜ አነበብኩላት። ስለ ግሩትቡም ሳነብላት አቋረጠችኝ። «እሷን አውቃታለሁ፣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አለች። ቀጥላ ልጇ ለማዘጋጃ ቤቱ የቤት ማመልከቻ አስገብቶ መልስ እንዳላገኘ ነገረችኝ። እሱም በቃል ነው የተመለሰው። አንቀጽ 33ን አሳየኋት። አሁን ሁለት ደብዳቤ ነው የማስተካክለው።


የዱራሜው ጻፈ፦

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፣ እንዳትቀየሙኝ።

ከጋሼ ጋር ሄድን። ኮትና ከረባት አድርገው ነው የመጡት። ሠራተኛው ያው ሰውዬ ነው። ደብዳቤውን ሲያነብ የሊምፖፖው ፍርድ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይህን ከየት አመጣህ?» አለኝ። ከናንተው ፍርድ ቤት አልኩት። ጋሼ እጄን ያዝ አደረጉኝ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሰውየው ገብቶ አለቃውን አማከረና ወጣ። ሁለቱንም ቅጂ አንድ ጊዜ አየ። ከዚያ ማኅተሙን አነሳና መታው። ስሙንም ጻፈበት።

መልስ ገና አልመጣም። ቀኑን ሱቄ ውስጥ ካለው ካሌንደር ላይ እያጠፋሁ ነው፣ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛው ነው። ዳቦው ጠዋት እንደ ወትሮው ደርሷል። ማታ ልጄ ማኅተሙን አይታ ምንድን ነው አለችኝ። ከሥሩ ያለውን ቀን አነበብኩላት።